ስድስት ወንድማማቾች የበተኑት ሀብት፦ የሊ ህዌዮንግ ጉዞ ከመኳንንት ቤት እስከ አናርኪስትነትና እስር ቤት

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኦገስት 22 ቀን 1910 የኮሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሊ ዋንዮንግ አገሩን ለጃፓን የሚያስረክበውን ውል ፈረመ። ከሳምንት በኋላ ውሉ ታወጀና ከ500 ዓመት በላይ የቆየው የጆሰን ሥርወ መንግሥት አከተመ። ጃፓን ከ70 በላይ ለሚሆኑ የኮሪያ መኳንንትና የንጉሡ ዘመዶች ማዕረግና ገንዘብ አደለች። ጥቂቶቹ አንቀበልም ሲሉ፣ የቀሩት ማዕረጉን ተቀብለው ርስታቸውንና ቤታቸውን ይዘው ተቀመጡ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ ሴኡል ውስጥ ዛሬ ምዮንግዶንግ በሚባለው ሰፈር የሚኖሩ ስድስት ወንድማማቾች መሬታቸውንና ቤታቸውን በድብቅ ሸጡ። ሚስትና ልጆቻቸውን፣ አብሯቸው መሄድን የመረጠውንም የቤት ሰው ይዘው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ቻይና፣ ወደ ማንቹሪያ ተሰደዱ። ሐሳቡን ያመነጨው አራተኛው ወንድም ሊ ህዌዮንግ ነበር። የያኔው የ43 ዓመት መኳንንት ከ22 ዓመት በኋላ ጃፓኖች በያዙት የሉሹን ከተማ በምርመራ ላይ እያለ ሲሞት፣ ሁለት ነገር ሆኖ ነው የሞተው፦ የኮሪያ ነፃነት ታጋይና አናርኪስት (ገዥና መንግሥት የሌለበት ኅብረተሰብ የሚሻ ሰው)።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ጥያቄ ነው፦ ዘር ማንዘሩ በመንግሥት ሥልጣን የከበረ ሰው፣ መንግሥት የሚባለውን ነገር ከሥሩ እስከ መቃወም እንዴት ደረሰ? ብዙዎች መልሱን በ1920ዎቹ ቤጂንግ ውስጥ ካነበባቸው መጻሕፍትና ካገኛቸው ወጣቶች ይጀምራሉ። እኔ ግን ነገሩ ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ የተጀመረ ይመስለኛል። የተማረው የኋላ ኋላ ነው፤ አኗኗሩ ቀድሞት ነበር።

የሚኒስትር ልጅ

ሊ ህዌዮንግ የተወለደው በ1867 ነው። የዘር ሐረጉ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጃፓኖች ኮሪያን በወረሩ ጊዜ በቤተ መንግሥት ትልቅ ስም ካተረፈው ከሊ ሃንግቦክ ይመዘዛል። አባቱ ሚኒስትር ነበር። ሁለተኛው ወንድም ሊ ሶክዮንግ ደግሞ ወንድ ልጅ ላልነበረው የቅርብ ዘመድ፣ ለቀድሞው የመንግሥቱ ዋና ሹም ለሊ ዩዎን፣ በጉዲፈቻ ተሰጥቶ ስፍር ቁጥር የሌለው ርስት ወርሷል። የሊ ዩዎን ሀብት ሲነገር፣ ከያንግጁ እስከ ሴኡል ያለውን መንገድ የሰው መሬት ሳይረግጥ ይሄዳል ይባል ነበር። በኋላ ለትግሉ ከዋለው ገንዘብ ትልቁ ድርሻ የመጣው ከዚህ ርስት ነው። ሶክዮንግ ታናሽ ወንድሙ ሲጠይቀው ሁሉንም ሰጠ። ታሪኩ ሲተረክ ብዙ ጊዜ ይህ ሰው ጥላ ውስጥ ይቀራል፤ ያሳዝነኛል።

ህዌዮንግ ገና በወጣትነቱ የመደቡን ወግ መጣስ ጀመረ። የቤቱን ባሪያዎች ነፃ አወጣ። ኮሪያ ውስጥ የማን ልጅ ለማን እንዴት እንደሚናገር ጥብቅ ሕግ በነበረበት ዘመን፣ የሌላ ሰው አገልጋዮችን ሳይቀር በአንቱታ ያናግር ነበር ይባላል። በልጅነቷ ባሏ የሞተባት እህት ነበረችው። የመኳንንት ሴት ዳግመኛ ማግባት ነውር ነበርና፣ እሷን ወደ ቤት አምጥቶ ሞተች ብሎ አስወራ፤ ቀብርም አስደረገ። ከዚያ በኋላ በሰላም ዳረላት። ይህን ሲያደርግ ስለ አናርኪዝም የሰማው አንዳች ነገር አልነበረም። የመሬት ጌትነትን፣ የባል ቤት እስርን፣ የበላይና የበታች ንግግርን ያፈረሰው ማንም ሳያስተምረው ነው።

ለሹመት የሚያበቃውን ፈተና አልፈለገም። ጃፓን በ1905 የኮሪያን የውጭ ጉዳይ ሥልጣን ስትነጥቅ ከሳንግዶንግ ቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ጋር ሆኖ ተቃወመ። በ1907 ሺንሚንህዌ በተባለው የምስጢር ማኅበር ምሥረታ ውስጥ ነበረበት። በዚያው ዓመት ንጉሥ ጎጆንግ በሄግ ለተካሄደው የሰላም ጉባኤ ሦስት የምስጢር መልእክተኞች ሲልክም ዝግጅቱን ከሠሩት አንዱ እሱ ነው። ጉባኤው መልእክተኞቹን አላስገባም አለ፤ ጃፓን ጎጆንግን ከዙፋን አወረደች። በ1908 ከሊ ኡንሱክ ጋር ሁለተኛ ጋብቻውን በሳንግዶንግ ቤተ ክርስቲያን ፈጸመ። ከዚህ በኋላ ያለውን ታሪክ አብዛኛውን የምናውቀው በእርጅናዋ በጻፈችው ትዝታ ነው። ሰውየው ስለ ራሱ የጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ይህን ጉዳይ የሚያጠና ሁሉ ምስክርነቱን የሚያገኘው ምድጃው ዳር ከነበረችው ሴት ነው።

በረዶ ላይ የተሻገረ ሀብት

ሽያጩ የተካሄደው በጥድፊያና በምስጢር ስለነበር ብዙው ንብረት ከዋጋው በታች ነው የሄደው። የተሰበሰበው በዘመኑ ገንዘብ 400,000 ወን ያህል እንደነበረ ይነገራል፤ በዛሬ ዋጋ እስከ 60 ቢሊዮን ወን የሚገምቱት አሉ። ቤተሰቡ በትንንሽ ቡድን ተከፋፍሎ በባቡር እስከ ድንበሩ ከተማ እስከ ሺንዊጁ ተጓዘ። ከዚያም በክረምቱ ሌሊት የያሉን ወንዝ በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ ተሻገረ። ህዌዮንግ ላሻገረው ሰው ዋጋውን እጥፍ ከፈለው። ከጃፓን ፖሊስ የሚሸሽ ገንዘብ የሌለው ኮሪያዊ ስታገኝ በእኔ ሒሳብ አሻግረው አለው ይባላል።

በፈረስ ጋሪ ለቀናት ተጉዘው የሰፈሩት በደቡብ ማንቹሪያ፣ በሊዩሄ ወረዳ ሳንዩዋንፑ አካባቢ ነው። የመንደሩ ቻይናውያን ደነገጡ። ይህን ያህል ኮሪያዊ ጓዙን ጭኖ የሚመጣው የጃፓን መሣሪያ ሆኖ ነው ብለው መሬት አንሸጥም፣ ቤት አናከራይም አሉ። ሰላማዊ ስደተኛ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያ ላይ ባበቃ ነበር። ህዌዮንግ ግን ቀጥታ ወደ ታዋቂው ቻይናዊ የጦርና የፖለቲካ ሰው ወደ ዩዋን ሺካይ ሄደ። ዩዋን በ1880ዎቹ የቻይና ንጉሥ እንደራሴ ሆኖ ሴኡል በነበረበት ጊዜ የህዌዮንግን አባት ያውቅ ነበር። በዩዋን ትእዛዝ የአካባቢው ሹማምንት መንገዱን ከፈቱ። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን ነገር አለ። ይህ ሰው በኋላ የሚጥለውን የመኳንንት ትውውቅ ለትግሉ እስከ መጨረሻው ጠብታ ተጠቅሞበታል። አንባቢ እንደ ግብዝነት እንዳይቆጥርበት እለምናለሁ። የነበረውን ሁሉ፣ ገንዘቡንም ስሙንም፣ አንድ ዓላማ ላይ አፈሰሰ።

በጁን 1911 አንድ የበቆሎ ጎተራ ውስጥ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሺንሁንግ ተባለ። የጃፓንንም የቻይና ሹማምንትንም ዓይን ላለመሳብ ስሙ ተራ የሥልጠና ቤት ይበል እንጂ ዓላማው መኮንን ማፍራት ነበር። ኋላ ወደ ሃፕኒሃ ተዛወረ። ክፍያ የለም፤ ምግብና ማደሪያ በትምህርት ቤቱ ነው። ተማሪዎቹ በጥሩምባ ድምፅ እየተነሡ ወታደራዊ ልምምድ፣ የኮሪያ ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ቻይንኛ ይማሩ ነበር። ትናንት እጃቸውን ያስታጥቧቸው ሎሌዎች የነበሯቸው የእነዚህ ቤቶች ወይዛዝርት አሁን ለተማሪዎቹ እህል ይፈጩና ያበስሉ ነበር። በ1913 ሽፍቶች ቤቱን ሲመቱ ኡንሱክ ትከሻዋ ላይ በጥይት ቆሰለች፤ ሶክዮንግን ደግሞ ሽፍቶቹ ጠልፈው ወሰዱት፣ በኋላ ለቀቁት።

ትምህርት ቤቱ በ1920 እስኪዘጋ ድረስ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች አልፈውበታል። በጃፓን የጦር አካዳሚ ሠልጥነው የከዱ እንደ ጂ ቾንግቾን ያሉ መኮንኖችም አስተምረውበታል። በኖቬምበር 1919 ኪም ዎንቦንግ በመሠረተው፣ የጀግኖች ቡድን በተባለው የታጠቀ ማኅበር ውስጥ ብዙዎቹ የሺንሁንግ ልጆች ነበሩ፤ በኦክቶበር 1920 በቾንግሳንሪ ከጃፓን ጦር ጋር በተደረገው ውጊያም እንዲሁ። የስድስቱ ወንድማማቾች ገንዘብ ግን ከዚያ ቀድሞ አልቋል። ከኮሪያ እርዳታ ይልካል ተብሎ የታሰበው የምስጢር ማኅበር፣ ሺንሚንህዌ፣ በጃፓን ስለተመታ፣ ያ ሁሉ ርስት በጥቂት ዓመታት ውስጥ እህል፣ ልብስና መማሪያ ሆኖ ተበላ። ስለዚህም ህዌዮንግ በ1913 ገንዘብ ፍለጋ ተደብቆ ወደ ሴኡል ተመለሰ።

የመጨረሻው የንጉሥ ተስፋ

በዚህ ጊዜ ገና አናርኪስት አልነበረም። እንዲያውም በ1918 የያዘው ሥራ ፍጹም የንጉሠ ነገሥት ወገን ሥራ ነው፦ ጎጆንግን ከተዘጋበት ቤተ መንግሥት አውጥቶ ቤጂንግ ማድረስና ከዚያ ሆኖ ለዓለም እንዲናገር ማድረግ። የህዌዮንግ ልጅ ግዩሃክ የጎጆንግን የእህት ልጅ አግብቶ ስለነበር፣ የቤተሰብ መጠያየቅ የምስጢር መላላኪያ ሆነ። ቤጂንግ ላይ ለንጉሡ ቤት የሚገዛበት ገንዘብ እንኳ ተልኮ ነበር። ጃንዋሪ 21 ቀን 1919 ጎጆንግ ድንገት ሞተ። መርዘውታል የሚለው ወሬ አገሩን አናወጠው፤ ለቀብሩ ሴኡል የጎረፈው ሕዝብም ማርች 1 የፈነዳው ታላቅ የነፃነት ሰልፍ አካል ሆነ።

በእኔ ግምት መታጠፊያው እዚህ ጋ ነው። ህዌዮንግ በዙፋኑ ላይ የነበረው ተስፋ ከንጉሡ ጋር ተቀበረ። ሚኒስትሮቹ በ1910 አገር ሸጠዋል፤ ንጉሡ አሁን የለም። ሕዝቡ ግን ማንም ሳያዘው፣ ከዳር እስከ ዳር ባዶ እጁን ወጥቷል።

ሻንጋይ ላይ የተለየ መንገድ

በኤፕሪል 1919 የኮሪያ ታጋዮች ሻንጋይ ላይ ተሰብስበው ጊዜያዊ መንግሥት አቋቋሙ። ህዌዮንግም ከመጀመሪያዎቹ የምክር ቤት አባላት አንዱ ነበር። ግን መንግሥት አይቋቋም ብሎ ተከራከረ። በውጭ አገር የተበተነውን ትግል የሚያገናኝ አንድ ማእከል ይበቃል፤ መንግሥት ካልን ወንበር ይኖራል፣ ወንበር ካለ ጠብ ይኖራል ነው የክርክሩ ፍሬ ነገር። አልሰሙትም። ጥሎ ቤጂንግ ገባ። ወንድሙ ሊ ሺዮንግ ግን እዚያው ቀርቶ የጊዜያዊው መንግሥት ሚኒስትር ሆነ። ሁለቱ ወንድማማቾች ሳይጣሉ በየመንገዳቸው ሄዱ።

የፈራው ደረሰ። በኋላ የደቡብ ኮሪያ መሪ የሆነው ሲንግማን ሪ፣ ኮሪያ በመንግሥታት ማኅበር ሞግዚትነት ሥር ትደር ብሎ ለአሜሪካ መንግሥት አቤት ማለቱ ሲሰማ ስደተኛው ለሁለት ተከፈለ። የታሪክ ጸሐፊው ሺን ቼሆ በቁጣ ከሻንጋይ ወጣ። በ1923 ልዩነቱን ለመፍታት የተጠራው ትልቅ ጉባኤ ለወራት ተጨቃጭቆ ተበተነ፤ በ1925 ሲንግማን ሪ ከጊዜያዊው መንግሥት ፕሬዚዳንትነት ተሻረ።

ህዌዮንግ ወደ አናርኪዝም የገባው በእነዚህ ዓመታት ነው። የሊ ኡልግዩና የሊ ጆንግግዩ ወንድማማቾች፣ ዩ ጃምዮንግ፣ ጆንግ ህዋአም፣ ቤክ ጆንግጊ የመሳሰሉ ወጣቶች ቤቱ ይውሉ ነበር። ሁሉም በዕድሜ ልጆቹ ይሆናሉ። እነሱ ክሮፖትኪንን አንብበዋል፤ እሱም እንደ ህዌዮንግ ከመሳፍንት ቤት ወጥቶ መደቡን የካደ ሩሲያዊ ነው። ወጣቶቹ በሁናን ክፍለ ሀገር ገበሬዎች ያለ ጌታ በጋራ የሚኖሩበት መንደር ለመመሥረት ሲያቅዱ አረጋዊው በጉጉት ተቀበላቸው። እንዴት አናርኪስት ሆንክ ሲባል የሰጠውን መልስ ጆንግግዩ መዝግቦታል። ፍሬ ነገሩ፣ ሐሳቤን ለውጬ እዚህ አልመጣሁም፤ ለኮሪያ ነፃነት ይበጃል ብዬ የያዝኩት መንገድ እነሱ ከሚሉት ጋር ገጥሞ አገኘሁት የሚል ነው።

ይህን መልስ እንዳለ አምነዋለሁ። ታጋይ በገዛ ፈቃዱ የሚሰለፍ ነፃ ሰው ነው፣ በአዛዥና በታዛዥ የተዋቀረ ትግል የሚወልደው ሌላ አዛዥና ታዛዥ ነው የሚለው እምነቱ ከጎተራው ትምህርት ቤት ጀምሮ ሲኖረው የነበረ ነገር ነው። ኤፕሪል 1924 ላይ በቻይና የኮሪያ አናርኪስቶች ማኅበር ቤጂንግ ውስጥ ሲመሠረት ከመሥራቾቹ በዕድሜ ትልቁ እሱ ነበር። ያሳትሙት የነበረው መጽሔት ብዙም ሳይቆይ በገንዘብ እጥረት ቆመ።

ባዶ ምድጃ

ቤጂንግ ውስጥ የህዌዮንግ ቤት የታጋዮች ማረፊያ ነበር። ከኮሪያ የሚመጣ፣ ከማንቹሪያ የሚሸሽ ሁሉ እዚያ ያርፋል፤ ያለው እስኪያልቅ ይበላል። በኋላ የሚበላ ጠፋ። የኮንፊሽየስ ሊቅ የነበረው ኪም ቻንግሱክ የዚያን ቤት አንድ ቀን ጽፎ ትቶልናል። ሊጠይቀው ሲሄድ ህዌዮንግን ፊቱ ገርጥቶ ያገኘዋል፤ ችግር እንዳለበት ግን አይናገርም። ቻንግሱክ ጠርጥሮ ልጁን ግዩሃክን ለብቻ ይጠይቀዋል። ልጁም ለሁለት ቀን እሳት አልነደደም፤ ልብሳችንም ሁሉ በመያዣ ተበድረንበት ሰው እጅ ነው፤ አባባ ከቤት የማይወጣው የሚለብሰው ስለሌለ ነው ይለዋል። ቻንግሱክ ኪሱ ያለውን አውጥቶ ልብሱን አስመለሰ፣ እህልና ከሰል አስገዛ። ለምን ደበቅከኝ ብሎም ተቆጣው።

ህዌዮንግ እጁ በሥዕል የተባ ነበር። በቀለምና በብሩሽ የሚሳለውን የኦርኪድ አበባ፣ የጎጆንግ አባት ታዋቂ ባደረገው ስልት፣ እየሳለ ለትግሉ የሚሆን ገንዘብ ያሰባስብበት ነበር። መኳንንት ለመዝናኛ የሚማሩት ጥበብ የእንጀራ ነገር ሆነ።

በ1925 ኡንሱክ ነፍሰ ጡር ሆና ገንዘብ ለማፈላለግ ወደ ኮሪያ ሄደች። ትመለሳለች ተብሎ ነበር። አልሆነም። ሴኡል ላይ ግዩዶንግ የተባለውን ወንድ ልጅ ወለደች፤ የሰው ልብስ እየሰፋችና እያጠበች ከምታገኘው ላይ ለባሏ ትልክ ነበር። ግዩዶንግ አባቱን አላየም፤ አባቱም እሱን አላየም። ቻይና የቀሩት ሴቶች ልጆች አባታቸው የሚያበላቸው ስላጣ ለተወሰነ ጊዜ በድሆች መጠለያ ኖረዋል።

ስለዚህ ሰው ሲጻፍ መሥዋዕትነት የሚለው ቃል እንደ ዋዛ ይጣላል። ዋጋውን ግን እሱ ብቻውን አልከፈለም። እሱ መርጦ ነው የደኸየው፤ ልጆቹ አልመረጡም። ኡንሱክ በትዝታዋ ባሏን አትወቅስም፤ ግን የሚራብ ልጅ፣ የማይመጣ ደብዳቤ፣ የተሰፋ ልብስ ሒሳብ አንድ በአንድ ትዘረዝራለች። እኔ ያን ዝርዝር እንደ ክስም እንደ ፍቅርም አነበዋለሁ።

ወደ ዳሊያን

በ1930 መጀመሪያ ማንቹሪያ ውስጥ ሲዋጋ የነበረው ኮሪያዊ ጄኔራል ኪም ጃጂን በኮሚኒስት ጥይት ተገደለ፤ አናርኪስቶቹ ከእሱ ጋር የጀመሩት የገበሬዎች ማኅበርም ተዳከመ። ሴፕቴምበር 1931 ጃፓን ማንቹሪያን ወረረች። ህዌዮንግ በዚያን ጊዜ ሻንጋይ ነበር። በኖቬምበር ከቻይናውያን ጓዶች ጋር ፀረ ጃፓን የአገር አድን ማኅበር ተቋቋመ፤ በሥሩም የጃፓን ባለሥልጣናትንና ሰላዮችን የሚገድል ጥቁር ሽብር የተባለ ቡድን ተሠማራ። ይህን የታሪኩን ክፍል ማለስለስ አልፈልግም። ሰላይ ነው ተብሎ የሚገደል ሰው ፍርድ ቤት አይቀርብም፤ ገዥ የሌለበት ዓለም የሚመኙ ሰዎች በሰው ሕይወት ላይ በሰዓታት ውስጥ ይወስኑ ነበር። የከበቧቸው የጃፓን ፖሊስና ሰላይ ብዛት ምክንያቱን ያስረዳል እንጂ ጥያቄውን አያጠፋውም።

ኤፕሪል 29 ቀን 1932 ዩን ቦንግጊል በሻንጋይ ሆንግኩ መናፈሻ የጃፓን ጄኔራሎች ላይ ቦምብ ከጣለ በኋላ ቻይናውያን ለኮሪያ ታጋዮች ልባቸውን ከፈቱ። ነባሮቹ ቻይናውያን አናርኪስቶች ዉ ዢሁዪና ሊ ሺዜንግ ማንቹሪያ ላይ ትግሉ ቢቀጣጠል እንረዳለን አሉ። አንድ ሰው ሄዶ መሠረቱን መጣል፣ ማንቹሪያን የያዘው የጃፓን ሠራዊት፣ የክዋንቱንግ ጦር፣ አዛዥ ሙቶ ኖቡዮሺም የሚመታበትን ማመቻቸት ነበረበት። ህዌዮንግ እኔ እሄዳለሁ አለ። 65 ዓመቱ ነው። ወጣቶቹ ተቃወሙ፤ እሱ ግን ሽማግሌን ማን ይጠረጥራል፣ ደግሞም ለመሞት ቦታ ማግኘት ለእኔ ዕድል ነው በሚል መንፈስ ጸና።

ከመሄዱ በፊት ሻንጋይ ውስጥ በችግር የሚኖረውን ታላቅ ወንድሙን ሶክዮንግን ሊሰናበት ሄደ። ጓዶቹ በኋላ እንደደረሱበት፣ ምስጢሩ የወጣው ከዚያው ቤት ነው፦ የሶክዮንግ ልጅ ግዩሶና አንድ ሌላ ሰው ለጃፓኖች ተናገሩ። ሀብቱን ሁሉ ለአገር የሰጠ አባት ልጅ አጎቱን ሸጠ። ጓዶቹ ሁለቱን መርምረው ገደሏቸው። ሶክዮንግ በ1934 በረሃብ ተጎሳቁሎ ሻንጋይ ላይ ሞተ፤ የሞተው ወንድሙንም ልጁንም አጥቶ ነው።

ህዌዮንግ በኖቬምበር መጀመሪያ የቻይና ሽማግሌ መስሎ፣ በእንግሊዝ መርከብ ርካሹ ክፍል ተሳፈረ። ወደቡ ድረስ የሸኘው ልጁ ግዩቻንግ ነበር። መርከቡ ዳሊያን ሲደርስ ፖሊስ ጠበቀው። ኖቬምበር 17 ቀን 1932 በአቅራቢያው ባለችው በሉሹን ሞተ። ፖሊስ ራሱን ሰቀለ አለ። አስከሬኑን እንድትለይ ከቻንግቹን የተጠራችው ልጁ ግዩሱክ ግን ልብሱ በደም እንደራሰ አየች። አስከሬኑ እዚያው ተቃጠለና አመዱ ወደ ኮሪያ ተላከ። ኡንሱክ ከባሏ የተቀበለችው የመጨረሻ ደብዳቤ ወደ አዲስ ቦታ እሄዳለሁ፣ ደህና ስደርስ እጽፋለሁ የሚል ነበር።

ከዚያ በኋላ

ከስድስቱ ወንድማማቾች ነፃ የወጣችውን ኮሪያ በሕይወት ገብቶ ያየው ሊ ሺዮንግ ብቻ ነው። በ1948 የደቡብ ኮሪያ የመጀመሪያው ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ። በኮሪያ ጦርነት መካከል አለቆች የምልምል ወታደሮችን ስንቅ ዘርፈው ብዙ ወጣት በረሃብና በብርድ ሲያልቅ፣ በሜይ 1951 ሥልጣኑን ጥሎ ወጣ። የእኛው የቃኘው ሻለቃ ቡሳን ወደብ የደረሰው በዚያው ወር ነው። አባቶቻችን ሊያግዙት የሄዱት መንግሥት ምን ዓይነት ውስጣዊ ሕመም እንደነበረበት ከዚህ ይታያል። ሁለቱ ወንድማማቾች በ1919 ስለ ወንበር የተለያዩበትን ክርክር ሺዮንግ በ82 ዓመቱ በራሱ እግር የደገመው ይመስለኛል። ተሳስቶ ነበር ማለቴ አይደለም፤ መንግሥት ባይኖር ኮሪያ ተሰብስባ ትቆም ነበር ብዬ አላምንም። ግን ህዌዮንግ የፈራው ነገር እውነተኛ እንደነበር የራሱ ወንድም መልቀቂያ ይመሰክራል።

የደቡብ ኮሪያ መንግሥት ለህዌዮንግ በ1962 የነፃነት ሜዳይ ሰጠ። አናርኪስትነቱ ግን በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን በአደባባይ እምብዛም አይነሣም ነበር፤ የሚወራው ስለ ሀብቱና ስለ ትምህርት ቤቱ ነው። ኡንሱክ ትዝታዋን በ1975 አሳትማ በ1979 አረፈች። ተማሪ ያበላች፣ በጥይት የቆሰለች፣ ልብስ ሰፍታ ትግሉን የደገፈች ሴት በነፃነት ታጋይነቷ ሜዳይ የተሰጣት በ2018 ነው።